የጋብቻ ቀለበት ከሕንፃ ምን ይውሰድ?

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

በማኅበራዊ ዓምዳችሁ ስለ ዘመኑ የሠርግ ጌጣጌጥ ባወጣችሁት ጽሑፍ፣ የቤተ ጊዮርጊስን ጣሪያ፣ የአክሱምን ሐውልት ወይም የፋሲልን ግንብ በላያቸው የያዙ የጋብቻ ቀለበቶችን የሚያሠሩ ሙሽሮች መኖራቸውን በአድናቆት ገልጻችኋል። ሙሽሮቹ ከውጭ አገር ካታሎግ ከመቅዳት ይልቅ ወደ አገራቸው ሕንፃ መመልከታቸው የሚያስመሰግን ነው። ይሁን እንጂ ጽሑፉ አንድ ዐቢይ ነገር ሳያነሣ አልፏል፤ እርሱም ሕንፃ ወደ ቀለበት የሚገባበት መንገድ ሁለት መሆኑ ነው። አንዱ የሕንፃውን መልክ አሳንሶ በወርቅ ላይ ማስቀመጥ ሲሆን፣ ሌላው ሕንፃው የቆመበትን ዘዴ፣ ማለትም ጭነቱን የተሸከመበትን፣ ብርሃን ያስገባበትን፣ ውጭውን ከውስጡ የለየበትን ሐሳብ ወስዶ ለጣት በሚስማማ መጠን እንደገና ማሰብ ነው። በሥነ ሕንፃ ሙያ የሠራሁና ዛሬ ለወርቅ ሠሪዎች ንድፍ የማዘጋጅ ሰው እንደ መሆኔ፣ ዕድሜ ልክ ከጣት ለማይወልቅ ቀለበት የሚበጀው ሁለተኛው መንገድ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ምክንያቴንም ከታሪክና ከሥራው ጠባይ አቀርባለሁ።

የመጀመሪያው መንገድ ትናንት የተጀመረ አይደለም። በመካከለኛው ዘመን በጀርመንና በአልዛስ ይኖሩ የነበሩ አይሁድ ለሠርግ ሥርዓት የሚጠቀሙባቸው፣ በአናታቸው ላይ ሙሉ ቤት የቆመባቸው የወርቅ ቀለበቶች ነበሯቸው። ከእነዚህ አንዱ እ.ኤ.አ. በ1863 በአልዛስ በምትገኘው በኮልማር ከተማ፣ በአንድ ቤት ግድግዳ ውስጥ ከተደበቀ ሀብት ጋር ተገኝቶ ዛሬ በፓሪስ በክሉኒ ሙዚየም ተቀምጧል። ከእርሱ ይልቅ የሚያስደንቀው ግን እ.ኤ.አ. በ1998 በጀርመን በኤርፈርት ከተማ፣ ከአሮጌው ምኩራብ ብዙም ሳይርቅ በተደረገ ቁፋሮ የወጣው ቀለበት ነው። በአናቱ ላይ ሹል ቅስቶች ያሉት ትንሽ የጎቲክ ግንብ ቆሟል፤ በጣሪያው ስድስት ገጾች ላይ «ማዘል ቶቭ» የሚለው የመልካም ምኞት ቃል በዕብራይስጥ፣ በየገጹ አንድ አንድ ፊደል ሆኖ ተቀርጿል፤ በግንቡ ውስጥም እጅ በተንቀሳቀሰ ቁጥር ድምፅ የምታሰማ አነስተኛ የወርቅ ኳስ አለች። ቀለበቱ አብረውት ከተገኙት ከ3 ሺህ በላይ የብር ሳንቲሞችና ከሌሎች ጌጣጌጦች ጋር የተቀበረው፣ እ.ኤ.አ. በ1349 በከተማዋ አይሁድ ላይ ጭፍጨፋ በወረደበት ሰሞን እንደሆነ ይታመናል።

ይህ ቀለበት የሕንፃ ምስል ነው፤ ለእኔም አቋም መቃወሚያ ሆኖ ሊቀርብ ይችላል። ነገር ግን ለምን እንደተሳካለት መመርመር ይገባል። በአይሁድ ልማድ የጋብቻ ቀለበት ፈርጥ የሌለው እንዲሆን የሚፈለገው ዋጋው ለሙሽሪት ግልጽ እንዲሆንና በድንጋዩ ምክንያት ግምቱ እንዳይሳሳት ነው። ስለዚህ አንጥረኛው በእንቁ ማስጌጥ አይችልም ነበር፤ ጥበቡን ሁሉ ወደ ግንብ፣ ወደ ቅስትና ወደ ጣሪያ ያዞረው ይህ ገደብ ሳይሆን አይቀርም የሚል ግምት አለኝ። ቤቱም ያለ ነገር የተቀመጠ አይደለም፤ ሙሽሮቹ የሚመሠርቱትን ቤት፣ ከዚያም አልፎ የኢየሩሳሌምን ቤተ መቅደስ እንደሚያመለክት ሊቃውንት ይናገራሉ። ከሁሉ የሚበልጠው ምክንያት ግን እንዲህ ያለው ቀለበት የሚደረገው ለሥርዓቱ ብቻ መሆኑ ነው። የኤርፈርቱ ግንብ ሊጥ አላቦካም፣ የታክሲ በር አልከፈተም፣ የነጠላ ክር አልያዘም። «የጥንት ሰዎችም ሕንፃ በቀለበት ላይ ያቆሙ ነበር» ብሎ የሚከራከር ሰው ቀለበቱ ከሥርዓቱ በኋላ ወደ ሣጥን ይመለስ እንደነበረ አብሮ ማሰብ ይኖርበታል።

ከዚህ ቀደም ባለው ዘመን፣ በቢዛንታይን፣ ሁለተኛው መንገድ ይታያል። ከሰባተኛው መቶ ዓመት ገደማ የተረፉ የወርቅ የጋብቻ ቀለበቶች አሉ፤ ከእነርሱም መካከል በዋሽንግተን በዳምባርተን ኦክስ ሙዚየም የሚገኘው ይጠቀሳል። ዙሪያቸው ክብ ሳይሆን ስምንት ማዕዘን ነው፤ በገጾቹ ላይ የክርስቶስ ሕይወት ታሪክ ተቀርጿል፤ በአናቱ ላይ ደግሞ ክርስቶስ ሙሽሮቹን ሲባርክ ይታያል። ስምንት ማዕዘን በዚያ ዘመን የማጥመቂያ ቤቶችና እ.ኤ.አ. በ547 በጣሊያን በራቬና እንደተቀደሰው እንደ ቅዱስ ቪታሊስ ያሉ አብያተ ክርስቲያናት የተሠሩበት ቅርጽ ነበር። ቀለበቱ ከሕንፃው ተቀዳ ብሎ መደምደም አይቻልም፤ ስምንት ቁጥር ትንሣኤን የሚያመለክት በመሆኑ ሁለቱም ከአንድ ምንጭ ሊቀዱ ይችላሉ፤ ሌላም ምክንያት ሊኖር ይችላል፤ ይህ ቅርጽ ለፈውስም ይፈለግ ነበር። የትራሌሱ እስክንድር የተባለው ሐኪም ለሆድ ቁርጠት ስምንት ማዕዘን ያለው የብረት ቀለበት ያዝዝ ነበር። የዚህ ሐኪም ወንድም አንቴሚዮስ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ532 እስከ 537 የሐጊያ ሶፊያን ቤተ ክርስቲያን ከገነቡት ሁለት መሐንዲሶች አንዱ ነው። ከአንድ እናት ማኅፀን የወጡ ወንድማማቾች፣ አንዱ ቀለበትን ለመድኃኒት ሲያዝዝ ሌላው ጉልላት ሲሰቅል ማየት ሁልጊዜ ደስ ይለኛል። ለርእሳችን የሚጠቅመው ግን ይህ ነው፤ በእነዚያ ቀለበቶች ላይ የቆመ ሕንፃ የለም፤ የሕንፃው ወለል ቅርጽ ራሱ የቀለበቱ አካል ሆኗል። ጠፍጣፋ ገጾቹ ብርሃንን በየተራ ይቀበላሉ፣ ለጽሑፍ ቦታ ይሰጣሉ፣ ልብስም የሚይዝ ጉልህ ነገር የላቸውም።

ሥነ ሕንፃና የቀለበት ሥራ በእውነት የሚገናኙበት ጥያቄ ግን ብርሃን ነው። እ.ኤ.አ. በ1248 በፓሪስ የተቀደሰው የሴንት ሻፔል የጎቲክ ቤተ ጸሎት የላይኛው ክፍል ግድግዳ አብዛኛው መስታወት ነው። ይህ ሊሆን የቻለው ግንበኞቹ የጣሪያውን ጭነት በቀጫጭን ዓምዶችና በውጭ በኩል በቆሙ ድጋፎች ላይ ሰብስበው ግድግዳውን ከመሸከም ነጻ ስላወጡት ነው። ስንት ድንጋይ ቢቀነስ ሕንፃው ሳይወድቅ ብርሃን ይገባል? የሚለው የእነርሱ ጥያቄ፣ ፈርጥ የሚያስር ወርቅ ሠሪም ጥያቄ ነው። በቀደመው አሠራር ድንጋዩ በወርቅ ጎድጓዳ ውስጥ ተቀምጦ ዙሪያውን በወርቅ ጠርዝ ይታቀፍ ነበር፤ ብዙ ጊዜም ከሥሩ ዝግ ስለነበር ብርሃን የሚያገኘው ከላይ ብቻ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1886 የኒው ዮርኩ የጌጣጌጥ ቤት ቲፋኒ ያወጣው ቀለበት ግን አልማዙን በስድስት ቀጫጭን ጥፍሮች ቆንጥጦ ከቀለበቱ በላይ ከፍ አደረገው፤ ብርሃንም ከጎንና ከሥር ሊገባ ቻለ። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ በቺካጎ፣ ጭነቱ በብረት አጥንት ላይ እንዲያርፍ ከተደረጉት የመጀመሪያዎቹ ረጃጅም ሕንፃዎች አንዱ የሆነው የሆም ኢንሹራንስ ሕንፃ ቆሞ ነበር። አንዱ ከሌላው ወሰደ አልልም፤ ነገር ግን ተሸካሚው አካል ቀጥኖ የተሸፈነው ነገር እንዲገለጥ ማድረግ የዚያ ዘመን የጋራ ሐሳብ ነበር። ዛሬ በወርቅ ቤቶች «ካቴድራል» እየተባለ የሚሸጠው ዓይነት፣ ከቀለበቱ ሁለት ትከሻዎች የሚነሡ ቅስቶች ፈርጡን የሚደግፉበት ቀለበት፣ የጎቲኩን መልስ በግልጥ የወረሰ ነው። ቅስቶቹም ጌጥ ብቻ አይደሉም፤ ከፍ ብሎ የተቀመጠው ፈርጥ ከጎን ሲመታ ግፊቱን ወደ ቀለበቱ አካል ያወርዳሉ።

ይህ ሐሳብ እስከ መጨረሻው የተገፋው በጀርመን ነው። እ.ኤ.አ. በ1979 ኒሲንግ የተባለው የጌጣጌጥ ቤት «ሽፓንሪንግ» የተሰኘውን ቀለበት ለገበያ አቀረበ። ጥፍር የለውም፣ ጎድጓዳ የለውም፣ ቅስትም የለውም። የቀለበቱ አካል አንድ ቦታ ላይ ተቆርጦ፣ አልማዙ በሁለቱ ጫፎች መካከል በቀለበቱ የመጨበጥ ኃይል ብቻ ተይዞ ይቆማል። የሥነ ሕንፃ ሰው ይህን ሲያይ የሚያስታውሰው የፈረንሳዩን መሐንዲስ ኢዠን ፍሬሲኔን ነው፤ እርሱ እ.ኤ.አ. በ1928 ባስመዘገበው ፈጠራ በኮንክሪት ውስጥ ያለው ብረት አስቀድሞ ተወጥሮ ኮንክሪቱን ስለሚጨምቀው፣ ድልድዩ ጭነት ሳይመጣበት በፊት ለጭነቱ ተዘጋጅቶ ይጠብቃል። ቀለበቱም እንዲሁ ነው፤ ኃይሉ ራሱ ጌጥ ሆኗል። የዚህ ቀለበት ንድፍ ባውሃውስ የተባለው የንድፍ ትምህርት ቤት ልጅ ነው ቢባል ስሕተት አይሆንም፤ ያ ትምህርት ቤት በዋልተር ግሮፒየስ የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1919 በቫይማር፣ ማለትም ያ ባለ ግንብ ቀለበት ከተገኘበት ከኤርፈርት አጠገብ ነው። ስድስት መቶ ዓመት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ በአንድ አካባቢ የአንዱ መንገድ ጫፍና ሌላውን መንገድ እስከ ጫፉ ያደረሰው ትምህርት ታየ።

ታላላቅ የሕንፃ ነዳፊዎች በስማቸው ያወጧቸውን ጌጣጌጦች በተመለከተ ብዙ ማለት አልፈልግም። ፍራንክ ጌሪ እ.ኤ.አ. በ2006 ለቲፋኒ፣ ዛሃ ሐዲድ በ2016 ለጆርጅ ጄንሰን ሠርተዋል፤ የጌጣጌጥ ቤቱ ቡልጋሪም በ1999 ያወጣውን «ቢ ዜሮ ዋን» የተባለ ቀለበት ከሮም ኮሎሲየም የተወሰደ ነው ይላል። የመጨረሻውን ብዙ ሰዎች ለጋብቻ ይመርጡታል፤ በእኔ ዓይን ግን ከኮሎሲየሙ ይልቅ የቤቱን የቆየ የተጠቀለለ ወርቅ አሠራር ይመስላል። ሕንፃው በዚያ ውስጥ ያለው በአብዛኛው ለማስታወቂያው ነው።

ወደ አገራችን ስንመለስ አስቀድሞ የሚነሣው የመጠን ጉዳይ ነው። ቤተ ጊዮርጊስ ቁመቱ 12 ሜትር ገደማ ነው፤ 12 ሚሊ ሜትር እንዲሆን አንድ ሺህ ጊዜ ሲያንስ፣ በድንጋዩ ላይ 10 ሴንቲ ሜትር የጠለቀ ቅርጽ አንድ አሥረኛ ሚሊ ሜትር ይሆናል። ይህ ወርቁ ሲወለወል ብቻ ሊጠፋ የሚችል ጥልቀት ነው። ቀድሞ አንጥረኛው በእጁ ይቀርጽ ስለነበር የማይሠራውን ራሱ ይተው ነበር፤ አሁን ግን ንድፉ በኮምፒዩተር ተሠርቶ በሰም ስለሚታተምና ሰሙ ቀልጦ ወርቅ ስለሚተካው፣ የሕንፃውን ሥዕል በአንድ ትእዛዝ ማሳነስ ቀላል ሆኗል፤ ችግሩም ከዚህ ይመጣል። በተጨማሪም ርዝመቱ አንድ ሺህ ጊዜ ያነሰ ነገር ይዘቱ ቢሊዮን ጊዜ ያንሳል፤ ስለዚህ ሕንፃን ያስጨነቀው የክብደት ጥያቄ በቀለበት ላይ ከነጭራሹ የለም። ቀለበትን የሚያስጨንቀው ማለቅ፣ መመታትና መጣመም ነው። ለአንዱ ችግር የተሰጠ መልስ በሌላው ላይ ሲለጠፍ ጌጥ ብቻ ሆኖ ይቀራል።

ታዲያ ከቤተ ጊዮርጊስ ምን ይወሰድ? ጣሪያው ላይ ያሉት አንዱ በሌላው ውስጥ የተቀመጡ መስቀሎች ከላይ ሲታዩ ማራኪ መሆናቸውን አልክድም፤ ፎቶግራፍ የሚነሣውም እርሱ ነው። የላሊበላ ጠራቢዎች ታላቅ ሐሳብ ግን ጣሪያው አይደለም። አብዛኛው ዓለም ድንጋይ በድንጋይ ላይ ሲደርብ እነርሱ ከላይ ወደ ታች እየጠረቡ፣ የማያስፈልገውን እያወጡ፣ ከአንድ አለት ቤት ፈለፈሉ፤ ሕንፃው ከምድሩ ያልተለየ፣ መጋጠሚያ የሌለው ሆነ። ይህን ሐሳብ ወደ ቀለበት ማምጣት ማለት በወርቁ ላይ መስቀል መበየድ ሳይሆን፣ ወፍራምና ልሙጥ የሆነውን ቀለበት ወደ ውስጥ መቆፈር ነው። ቅርጹ ከቀለበቱ ገጽ በታች ስለሚቀመጥ ዙሪያው ይጠብቀዋል፣ ክር አይይዝም፣ የተበየደ ነገር ስለሌለው የሚነቀል ነገር የለውም። ከሩቅ የሚያየው ሰው ልሙጥ ቀለበት ይመስለዋል፤ ቀርቦ ሲመለከት ብቻ ይገለጥለታል። ወደ ቤተ ጊዮርጊስ በእግሩ የተጓዘ ሰውም ሕንፃውን የሚያየው ጉድጓዱ አፋፍ ላይ ሲደርስ ነው።

አክሱም ግን ይፈታተነኛል። ወድቆ የሚገኘው ትልቁ ሐውልት 33 ሜትር ርዝመት ያለውና 13 ፎቅ ያለው ቤት መስሎ የተቀረጸ ነው። በእርሱም ሆነ እ.ኤ.አ. በ2005 ከሮም ተመልሶ በ2008 በተተከለው ላይ፣ በር፣ መስኮትና በተለምዶ «የዝንጀሮ ራስ» የምንላቸው የአግዳሚ እንጨት ጫፎች ተቀርጸዋል። በእውነተኛው የአክሱም ግንብ፣ ዛሬም በደብረ ዳሞ እንደሚታየው፣ እነዚያ ጫፎች ግድግዳውን የሚያስተሳስሩ እንጨቶች ናቸው፤ በሐውልቱ ላይ ግን ምንም አያስሩም፣ ምንም አይሸከሙም። አባቶቻችን ራሳቸው የሕንፃን መልክ ወስደው ሕንፃ ባልሆነ ነገር ላይ አስቀምጠዋል ማለት ነው። እኔ ይህን ስመለከት የማስተውለው ምስሉን ሳይሆን ልኩን ነው፤ የእንጨቶቹ ጫፎች በእኩል ርቀት እየተደጋገሙ ዓይን የሐውልቱን ቁመት ፎቅ በፎቅ እንዲቆጥር ያደርጋሉ፣ ገባ ወጣ ያለው ገጽም ጥላና ብርሃን እየፈጠረ ያንን ግዙፍ ድንጋይ ያቀለዋል። ስለዚህ ከአክሱም ለቀለበት የሚበጀው ሐውልቱን በሙሉ በጣት ላይ ማጋደም ሳይሆን፣ ያ ገባ ወጣ ያለ ገጽና በእኩል ርቀት የሚደጋገመው ክብ ነጥብ በቀለበቱ ዙሪያ እንዲሄድ ማድረግ ነው። ክብ ነጥብ ሲያልቅም ክብ ሆኖ ይቀራል፤ በልዩ ጫፉ የሚታወቀው ሐውልት ግን ጫፉ ሲደፈን ምን እንደነበር አይታወቅም።

ስለ ጎጃምና ስለ ጣና ክብ አብያተ ክርስቲያናት ደግሞ ጋዜጣችሁ ምንም አለማንሣቱ አስገርሞኛል፤ ከሕንፃዎቻችን ሁሉ ለቀለበት የቀረቡት እነርሱ ናቸውና። ወለላቸው አንዱ በሌላው ውስጥ በተቀመጡ ዙሪያዎች ቅኔ ማኅሌት፣ ቅድስትና መቅደስ ተብሎ ይከፈላል። እንደ ዘጌው ኡራ ኪዳነ ምሕረት ባሉት ዘንድ የውጭው ግድግዳ ተራ ሲሆን፣ ሥዕሉ ሁሉ የፈሰሰው ወደ ውስጥ ገብተን በምናገኘው በመቅደሱ ግድግዳ ላይ ነው። ይህ ለጋብቻ ቀለበት የተዘጋጀ ሐሳብ ይመስለኛል፤ ውጭው ልሙጥ ሆኖ ቅርጹ፣ ስሙና የተክሊሉ ቀን በውስጠኛው ገጽ ላይ ይሁን። ውስጠኛው ገጽ ከግጭት የተጠበቀ ስለሆነ ጽሑፉ ለረጅም ዘመን ይነበባል፣ ሌላ ሰው ሳይሆን ባለቤቱ ብቻ ያውቀዋል። አንድ ጥንቃቄ ግን አለ፤ ቅርጹ በጣም ከጠለቀ እርጥበትና ሳሙና ስለሚይዝ ቆዳን ያሳክካል፤ ስለዚህ በጥልቀት ሳይሆን በመስመር መሥራት ይሻላል።

ለማሠራት ለሚያስቡ ሙሽሮች ሁለት የሥራ ጉዳዮችን ልጨምር። የመጀመሪያው የወርቁ ጥራት ነው። 21 ካራት ከ18 ካራት የበለጠ ንጹሕ ወርቅ ቢኖረውም ለስላሳ ነው፤ ቀጫጭን ጥፍሮች፣ ቅስቶችና በመወጠር የሚይዙ ቀለበቶች ከ18 ካራት ወይም ከዚያ በበለጠ ጠንካራ ከሆነ ቅይጥ ቢሠሩ ይመረጣል፤ ልሙጥና ወፍራም ለሆነው ግን 21 ካራትም ይበቃል። ሁለተኛው መጠንን ማስፋትና ማጥበብ ነው። ጣት በጊዜ ብዛት ይወፍራል፣ ይከሳልም፤ ወርቅ ሠሪው ቀለበቱን የሚያስተካክለው ከሥር በኩል ቆርጦ ወርቅ በመጨመር ወይም በመቀነስ ነው። ቅርጹ ዙሪያውን ሁሉ ከሸፈነ ቆርጦ ሲገጣጠም መስመሩ ይሰበራል። ስለዚህ ከመዳፍ በኩል የሚውለው የቀለበቱ ክፍል አንድ ጣት ውፍረት በማይሞላ ስፋት ልሙጥ ሆኖ እንዲቀር ንድፉ ሲታዘዝ አስቀድሞ መነገር አለበት፤ በመወጠር የሚይዘው ቀለበት ደግሞ በቀላሉ ስለማይስተካከል ከመጀመሪያው በትክክል መለካት ይኖርበታል።

ዓምዱ ወደ ጉዳዩ የሚመለስ ከሆነ፣ አዲስ የተሠሩትን ብቻ ሳይሆን ከአሥርና ከሃያ ዓመት በፊት የተሠሩ የጋብቻ ቀለበቶችን ከባለቤቶቻቸው ጣት ላይ ፎቶ አንሥቶ ቢያሳየን፣ የትኛው ቅርጽ እንደጸናና የትኛው እንደጠፋ አንባቢው በዓይኑ ሊፈርድ ይችላል።

ከአክብሮት ጋር፣
ከአዲስ አበባ አንድ አንባቢያችሁ